ጥላው የቀረ መጥረጊያ

ዘመድኩን ካሜራውን አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል ብሉር ጎዳና ላይ ታይቶ አያውቅም። ሰው ያለ ሱሪ ከቤት እንደማይወጣ እሱም ያለ ካሜራ አይወጣም። ኪሰ ብዙ ሰደርያ ነበረው፤ የኪሶቹን ብዛት የሚያውቀው እሱና ፈጣሪ ብቻ ነው ይባላል። ትከሻው ላይ ደግሞ ጥቁር የካሜራ ቦርሳ አለች፤ ሁልጊዜ ያበጠች ስለሆነች ከሩቅ ላየው ልጅ ያዘለ ይመስላል። በዘጠናዎቹ ቶሮንቶ ውስጥ ያገባ፣ ክርስትና ያስነሳ፣ የተመረቀ ሐበሻ ሁሉ በዚያ ሌንስ ፊት አልፏል።

«ዘመድኩን ያነሳው ሰው አስቀያሚ አይሆንም» ይባል ነበር። ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው። ናዝሬት ሳለ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የሪታች ሠራተኛ ነበር። በአንዲት ቀጭን ብሩሽ ጠባሳ ያጠፋል፣ ቡጉር ይነቅላል፣ አፍንጫ ላይ ያረፈች ዝንብ ያባርራል፣ ጥርስ ለጎደለው ሙሽራ ጥርስ ያበቅላል። አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ፎቶ ይዛ መጥታ «ከጎኑ የቆመችውን አጥፋልኝ» ብትለው አጥፍቶላታል። እጇን ግን ረሳት። ሴትዮዋ ለተዝካሩ ስትሰቅለው የማይታወቅ እጅ የሟቹ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ተገኘ፤ ለቀስተኛውም ከለቅሶው ይልቅ የእጁን ባለቤት ሲያፈላልግ ዋለ።

ታዲያ የሰውን ጠባሳ ሲያጠፋ የኖረው ይህ ሰው የራሱ አንድ ጠባሳ ነበረው። ሥራህ ምንድን ነው ሲባል «ፎቶ ላብ ነው የምሠራው» ይላል። ላቡስ እውነት ነው፤ ፎቶው ነው ያልነበረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መሐል ከተማ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ወለል ይወለውላል። ሰማያዊ ዩኒፎርሙን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከሌንሶቹ ሥር ይከተዋል፤ የቦርሳይቱ እብጠት እሱ ነው። ባስ ውስጥ ሐበሻ ካገኘ «ሠርግ አለብኝ» ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ሠርግ! አንድ ቀን ሎቢው ውስጥ አማርኛ ሰምቶ ከቆሻሻ ጋሪው ኋላ ተጎንብሶ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ቆየ። ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ፓርኪንግ ነበር።

በበረኪና የተሰነጠቀ እጁንም ሠርግ ላይ ካሜራ ካልያዘበት ኪሱ ውስጥ ይደብቀዋል። ኪስ እንኳ ሞልቶታል። እንዲህ ተጠንቅቆ ሲኖር ማንም አላወቀብኝም ብሎ ያምን ነበር። መቅደስ የምትባል ልጅ ሠርግ ላይ ብቻ፣ ጠጋ ብሎ ሊያነሳት ቦርሳውን በከፈተ ቁጥር ሙሽራይቱ እያስነጠሰች አስቸገረችው። አበባው ነው አለ።

አንድ ቀን በሁዳዴ መግቢያ ላይ እትዬ ወለተማርያም ኮል አደረጉለት። እትዬ ወለተማርያም ባላቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላቸው፣ ክንዳቸው የፈረጠመ ሴት ናቸው። ከኤግሊንተን ዌስት ባቡር ጣቢያ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ የበረዶ መጫወቻ ክለብ ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባ ይሠራሉ።

«ዘመድኩን፣ እኔ ጨዋታ ገብቻለሁ» አሉት።

ቢንጎ መሰለው። «ደረሰዎት እንዴ እትዬ?»

«የምን ይደርሰኛል! የበረዶ ጨዋታ ነው የምልህ። ከርሊንግ። ከሴቶቹ ቡድን አንዷ እግሯ ተሰብሮ ሰው ቢጎድላቸው ወጥ ቤት መጥተው ‹ያንን ድስት የሚያነሳ ክንድ ስጪን› አሉኝ። ሰጠኋቸው። ይኸው ለዋንጫ ደርሰናል።»

«እሰይ! እና እኔ ምን ልታዘዝ?»

«ስጫወት አንሳኝ። ያለምወርቅ ቤት ግድግዳ ላይ ያልተሰቀለ እኔ ብቻ ቀረሁ እኮ። የእነ እንትና ልጅ ነርስ ሆነች፣ ተሰቀለች። ያ ደግሞ መኪና ገዛ፣ ከነመኪናው ተሰቀለ። እኔ ምን ይዤ ልሰቀል? ጭልፋ? አሁን አግኝቻለሁ። አደራህን።»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ብሉር ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። የቤታቸው ግድግዳ የሐበሻው የክብር መዝገብ ነው፤ ከዚያ ግድግዳ የቀረ ሰው ካናዳ የገባ አይመስለውም።

ዘመድኩን ክለቡ ሲደርስ ጨዋታውን ከመስታወት ኋላ ቆሞ አየው። አንዷ ሴት ድስት የሚያህል፣ ላዩ ላይ እጀታ ያለው ድንጋይ በረዶው ላይ ታንሸራትታለች። ሁለት ጓደኞቿ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ በረዶውን ይፈትጉታል፤ ሲፈተግ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ድንጋዩ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ከወዲያኛው ጫፍ የተሰመረው ክብ መሐል ካረፈ እልል ነው። ከፈታጊዎቹ አንዷ እትዬ ወለተማርያም ናቸው። የሚፈትጉበት ደግሞ መጥረጊያ ነው።

ዘመድኩን ቀዘቀዘ። ቅዝቃዜው ሁሉ የበረዶው አልነበረም። እረፍት ሲያደርጉ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ያችን ነገር አስቀምጠው አንድ ጊዜ ቢቆሙልኝ?»

«የቷን?»

«ያችን… እጅዎ ላይ ያለችውን።»

«ይቺንማ ካስቀመጥኩ ምኑን ተጫወትኩት?» ብለው መጥረጊያቸውን እንደ ዘንግ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ።

በዚያ ቀን የሆነው ሁሉ የሚያሳፍር ነው። መጀመሪያ በመስታወቱ ውስጥ በፍላሽ አነሳ፤ ብልጭታው መስታወቱ ላይ ነጥሮ የራሱን ዓይን አጠፋው። ቀጥሎ ወደ በረዶው ወርዶ ድንጋይ ልትለቅ የተንበረከከች አሮጊት ፈረንጅ ፊት ላይ ብልጭ አደረገ፤ ሴትዮዋ ደንግጣ ድንጋዩን የሰው ሜዳ ውስጥ ሰደደችው። «ኖ ፍላሽ!» የሚል ጩኸት ከአራት አቅጣጫ መጣበት። የቀረውን ፊልም ያለ ፍላሽ፣ ካሜራው እንዳዘዘው ጨረሰ።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ በረዶው የምድጃ አመድ መስሏል። ከጣሪያው መብራት የተነሳ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኗል። እትዬ ወለተማርያም መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ተመለከቷቸው።

«ይሄ ሹራብ የለበሰ ከሰል ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፉ። «ፈረንጆቹስ ምን ሆነው ነው? ወባ ይዟቸዋል?»

ዘመድኩን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ለሌላው ጥርስ ያበቀለ ሰው ለእትዬ ወለተማርያም ፊት እንኳ ማውጣት አቃተው!

«ግዴለም» አሉት። «ዋንጫው ቅዳሜ ነው። ያኔ ታወጣኛለህ።»

ሳምንቱን ሙሉ ወለል እየወለወለ አሰበበት። ካሜራ ሞኝ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ነጭ ከበዛ ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፣ ዓይኑን ያጠባል፤ ነጩን አመድ፣ ጠይሙን ከሰል የሚያደርገው ይህ ነው። መብራቱ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ለሰው ዓይን ባይታወቅም እንደ ሽንኩርት ላጭ ይርገበገባል፤ ፎቶ አንሺ ከቸኮለ አንዱን ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩን ጭል ጭል ያደርግበታል። ስለዚህ ቅዳሜ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይዞ ሄደ፤ ቀለም የሌለው ፊልም አረንጓዴ አያውቅም። ሻተሩን፣ የካሜራውን መዝጊያ፣ አዘገየው። በካሜራው የብርሃን መለኪያ ደግሞ በረዶውን ከመጠየቅ ይልቅ እጁን ጠየቀ፤ ያንን ሲደብቀው የኖረውን የተሰነጠቀ እጅ መብራቱ ሥር ዘርግቶ በእሱ ለካ። እሱም እትዬ ወለተማርያምም አንድ ዓይነት ጠይም ናቸው።

የመጨረሻው ድንጋይ ሲለቀቅ የቡድኑ አለቃ ከወዲያ ጫፍ «ሃሪ! ሃሪ!»፣ ቶሎ ቶሎ ፈትጉ፣ እያለች ጮኸች። ድንጋዩ የደከመ በሬ መስሎ ሊቆም ነው። እትዬ ወለተማርያም ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሆዳቸውን ይዘው፣ ወገባቸውን አጥፈው ፈተጉት። ዘመድኩን ካሜራውን ከእሳቸው እኩል እያንሸራተተ አብሯቸው ሄደ፤ እንደ እሳቸው ትንፋሹ ተቆረጠ፤ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ድንጋዩ ክቡ ውስጥ ተንፏቆ ገብቶ መሐሉ ላይ ቀጥ አለ።

የሻይ ብርጭቆ የምታህል ዋንጫ ተሰጠቻቸው። «አወጣኸኝ?» አሉት ከሩቅ።

«አውጥቻለሁ!» አላቸው።

እውነትም አውጥቷል። ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለው አፓርታማው ውስጥ መታጠቢያ ቤቱን አጨልሞ ሲያትመው እትዬ ወለተማርያም ከፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ ብለው ብቅ አሉ። መጀመሪያ የግንባራቸው መስቀል፣ ከዚያ የተነከሰ ከንፈራቸው፣ ከዚያ ጉንጫቸው ላይ የቆመች የላብ ጠብታ። ከኋላ ያለው ሁሉ እንደ ውሃ ፈስሷል፤ እሳቸው ብቻ ጠርተዋል። ከናዝሬት ጀምሮ ይህን የመሰለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም።

ፎቶውን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያለፈው ግን መጥረጊያው ነው።

ደጋግሞ አየው። ያለምወርቅ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በነርሷና በመኪናው መካከል ተሰቅሎ ታየው። ፊቱ የመጣው ሰብስቤ ነው። ሰብስቤ ታክሲ ይነዳል፤ ምላሱ ከታክሲው ይፈጥናል፤ የምግብ ቤቱን የጥግ ጠረጴዛ የተከራየ ይመስል ከዚያ አይጠፋም። «አይ ካናዳ! እሳቸውንም መጥረጊያ አስያዘቻቸው» ሲል ተሰማው። የእሳቸው ውርደት ነው ብሎ አሰበ። ግን ያ የታሰበው ሳቅ ሲሰማ የጋለው የማን ጆሮ እንደነበር ራሱን አልጠየቀም።

ብሩሹን አወጣ። እንዲህ ቀላል ሪታች ሠርቶ አያውቅም። በረዶው ነጭ፣ ቀለሙ ነጭ፣ ነጭ በነጭ ላይ። ሹራባቸው ላይ የዋለውን እንጨት አጠቆረው። መጥረጊያው ከጭራው እስከ አናቱ ጠፋ። ውለታ የዋለ መስሎት ተኛ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለምወርቅ ቤት በጾመኛ ሞልቷል። ዘመድኩን ሲገባ በጠዋት አድርሶት የሄደው ፎቶ ቀድሞ ተሰቅሎ፣ ሰው ሽሮውን ትቶ አንገቱን ወደ ግድግዳው አቅንቶ አገኘ።

«ምን እያደረጉ ነው?» ይላል አንዱ።

«ድስት እያባረሩ ነዋ። እጀታ ያለው ድስት አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ድስቱ ምን ሆኖ ይሸሻቸዋል?»

«ሁዳዴ ነው፤ ቅቤ ነክቶት ይሆናል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ኧረ ስግደት ላይ ናቸው!» አለ ሰብስቤ ከጥጉ። «በረዶ ላይ የተሰገደ እጥፍ ሆኖ ይቆጠራል።» ከዚያ ተነስቶ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። «ቆይ፣ ቆይ። ይቺ ምንድን ናት?»

በጣቱ በረዶው ላይ አንዲት ቀጭን፣ ግራጫ መስመር አሳየ። ጫፏ ሰፋ ይላል። የተፈተገ በረዶ ያብረቀርቃል፤ በላዩ ያለፈውን ነገር ደብዘዝ አድርጎ መልሶ ያሳያል። ዘመድኩን ባለቤቱን አጥፍቶ ጥላውን ረስቶታል።

«የመጥረጊያ ጥላ ናት እኮ» አለ ሰብስቤ። «መጥረጊያውስ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ባለካሜራውን አየው። ያኔ በሩ ተከፈተና እትዬ ወለተማርያም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዋንጫቸውን በፌስታል ይዘው ገቡ። ሳቁ እንደ ሻማ እፍ ተባለ።

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ባዶ እጆቻቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«መጥረጊያዬስ?»

«እትዬ፣ ሰው እንዳይስቅብዎት ብዬ…»

«ታዲያ አሁን ምን ያስቃቸው ነበር? ከደጅ ድረስ ሲሰማኝ?»

አንዱ ሽሮው ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል ይፈልግ ጀመር።

«ፊቴን አውጣልኝ ብዬህ አወጣኸው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። «መጥረጊያው ግን የኔ ነው። የኔን ነገር ሳትጠይቀኝ ያጠፋኸው አንተ አፍረህበት ነው እንጂ እኔማ መች አፈርኩ?»

ፎቶውን ከሚስማሩ አወረዱና ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ወይዘሮ ያለምወርቅ «ኧረ አረፍ ይበሉ፣ ከጠዋት ያልቀመሰ አንጀት ይዘው!» ቢሉም አልተቀመጡም። ዋንጫቸውን በፌስታሏ እንዳለች ይዘው፣ ምንም ሳይቀምሱ ወጡ።

ዘመድኩን ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፈው እሱ ይንገር። ኮል ቢያደርግ እትዬ አያነሱም። እህል ወደ አፉ ባስጠጋ ቁጥር ሳይበሉ የወጡት ሴት ፊቱ ላይ ድቅን ይላሉ። አንድ ጠዋት ሎቢውን ሲወለውል መወልወያውን ቀና ብሎ አየው፤ ይህ ሁሉ ለዚህ እንጨት ነው? የእሳቸውን መጥረጊያ ያጠፋው የራሱን መወልወያ ሊደብቅ ነበር። ይህ ሲገባው ጆሮው እንደገና ጋለ። ደግነቱ ኔጌቲቩን፣ ዋናውን ፊልም፣ ብሩሽ አልነካውም፤ ያየውን ሁሉ እንደያዘ ተቀምጧል። ማታውኑ ምንም ሳይነካው፣ ከፊተኛው አስበልጦ አተመው።

ለወይዘሮ ያለምወርቅ ደውሎ «እትዬን ይጥሩልኝ፤ በአዘቦት ቀን፣ ሰው ሳይበዛ» ብሎ ለመነ። ወይዘሮ ያለምወርቅን «ሰው ሳይበዛ» ማለት ደወል መደወል ነው። ሲደርስ ባዶ ወንበር አልነበረም። እትዬ ወለተማርያም ከበሩ አጠገብ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆመዋል።

ፎቶውን ከመጠቅለያው አወጣው። መጥረጊያው መሐል ለመሐል፣ ጭራው ከነጭረቱ፣ የእትዬ ጣቶች እንጨቱ ላይ እንደ ሥር ተጠምጥመው።

«እትዬ» አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ዓይናቸውን ማየት ስላቃተው። «መጥረጊያዎትን መልሻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ስቀለዋ» አሉ።

የድሮው ሚስማር ይህን ትልቅ ፎቶ አይችልም። መዶሻ ይዞ መጥቷል። ቦርሳውን ከፈተና በችኮላ ከሌንሶቹ ሥር መዘዘው። ከመዶሻው ጋር ሰማያዊው ዩኒፎርም ተጎትቶ ወጣና ወለሉ መሐል ተዘረጋ። ጀርባው ላይ የጽዳት ድርጅቱ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ የማያነብ የለም።

ዘመድኩን ሳቁን ጠበቀ። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

አልመጣም።

ዓይኑን ሲገልጥ ሰው ሁሉ በጣም ሥራ በዝቶበታል። አንዱ ጨው ይፈልጋል፣ አንዱ ጫማውን ያስራል። በሕይወቱ ቀልድ አምልጦት የማያውቀው ሰብስቤ ወደ መስኮቱ ዞሮ «ዛሬ ነፋሱ ከበድ ይላል፣ አይደል?» አለ። ወይዘሮ ያለምወርቅም «አዎ፣ ከበድ ይላል» አሉ።

ያኔ ገባው። ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃሉ። «ማክሰኞ ሠርግ አለብኝ» ሲል «መልካም ሠርግ» ያሉት ሁሉ እያወቁ ነው። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። በዚያች ሳምንት ካየው ውርደት ሁሉ ያቺ የነፋስ ወሬ በለጠችበት።

እትዬ ወለተማርያም መጥተው ጎንበስ አሉና ዩኒፎርሙን አነሱ። አራገፉት። እጅጌውን በእጅጌው ላይ አድርገው አጣጥፈው ቦርሳው ውስጥ መለሱት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላቸው ቀስ ብሎ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

«አንተ ልጅ፣ ይቺን ቦርሳ በከፈትክ ቁጥር ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል እኮ። የመቅደስ ሠርግ ላይ ሙሽራይቱ ስታስነጥስ ምን መስሎህ ነበር?»

«አበባው…»

«አበባው!» አለ ሰብስቤ፤ ከዚያ በላይ መቻል ከአቅሙ በላይ ነበር። እትዬ ዘወር ብለው ሲያዩት ወደ ነፋሱ ተመለሰ።

ዘመድኩን ሚስማሩን መታ። ሁለት ጊዜ ጣቱን አገኘው። ፎቶው ተሰቀለ።

«ዘመም ብሏል» አሉ እትዬ ከኋላ። «ወደ ግራ። አዎ። እንዲያ።» ካፖርታቸውን አወለቁና ተቀመጡ። «ያለምወርቅ፣ ሽሮ አምጪልኝ።»

ይህን ሲሰማ ቀለል አለው። ፊቱ ግን እንደጋለ ነው። አመሰግናለሁ ሊል አስቦ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ፤ «ሺፍት አለኝ፣ ሥራ ልገባ ነው» አለ። ያንን ቃል በአማርኛ ተናጋሪ ፊት ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«ሂድ እንግዲህ፣ እንዳይረፍድብህ» አሉት።

በብሉር ወደ ባቡሩ ሲሄድ ያዩት አሉ። አንገቱን ሰብሯል፤ ቦርሳዋ በደንብ ሳትዘጋ ቀርታ የዩኒፎርሙ ሰማያዊ እጅጌ ወጥቶ ከዳሌው ላይ ይወዛወዛል። እጅጌውን አላየውም ነበር የሚሉ አሉ። አይቶታል።